ከፈተናው በፊት እንዳይነገራት

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

ላቀው ጠዋት ከቡሬ ደወለ። ታናሽ ወንድሜ አይሱዙ ከመንዳት ሌላ ሥራው እኔን ማበሳጨት ነው። «ወንድ ከሆነ ላቀው፣ ሴት ከሆነች ላቀች ነው የምትባለው። ሌላ ስም ካወጣችሁ ክርስትናው ላይ አልገኝም» አለኝ። ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። አምና በአራተኛው ወር ወርዶብኝ ስለነበር ባሌ ያረጋል ባዶ ጆግ እንኳ እንዳላነሣ ይከታተለኛል። ከሆዴ ጋር የሚቀልደው ላቀው ብቻ ነው።

ዛሬ አዲስ ልጅ መጣችልኝ። በጤና ጣቢያችን የሕፃናትና የወጣቶች ምክክር ክፍል የምትባለው ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ከውጭ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ከውስጥ እኔ። ሰው ሁሉ ሲስተር ይለኛል። ሲስተር አይደለሁም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። ግን ፍኖተ ሰላም ውስጥ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ሁሉ ሲስተር ናት፤ ማስረዳቱን ትቼዋለሁ።

ውዳሴ ትባላለች። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል። አገሯ ከግሽ ዓባይ ወዲያ ነው። የዚያ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባቷ አምጥቶ እዚህ እህቱ ዘንድ አስቀመጣት። በሙከራ ፈተናው ቀን ቀኝ እጇ እስክርቢቶ እንደ ጨበጠ ደርቆ ቀረ። ሆስፒታል ወስደዋት ሁሉንም አይተው «ምንም የለባትም» ብለው ወደ እኔ ላኳት። ዋናው ፈተና ሰኔ 16 ነው።

ልጅቱን ስጠይቅ አክስቷ ወይዘሮ ደስታነሽ ትመልሳለች። «ሌላው ሥራ ላይ እጇ ደህና ነው፣ ሲስተርዬ። ውኃ ትቀዳለች፣ ሽንኩርት ትከትፋለች። እስክርቢቶ ስትይዝ ነው እንጂ። ዓይን ነው መሰለኝ።» ልጅ ትልቅ ሰው ባለበት እንደማይናገር ስለማውቅ አክስትየዋን በትሕትና አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳት። በዚህ ዓይነቱ ነገር ጎበዝ ነኝ።

«ማን ይናፍቅሻል?»

«አባቴ።»

«ትደዋወላላችሁ?»

«እዚያ ኔትወርክ የለም። ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ እትዬ ለመንገደኛ ይሰጡልኛል።»

መፍትሔው እጄ የገባ መሰለኝ። በየቀኑ ለአባቷ አንድ መስመር፣ አንድ ብቻ፣ እንድትጽፍ አዘዝኳት፤ በምትወደው ሰው በኩል እጇን ከእስክርቢቶው ጋር ላስታርቅ ብዬ። ፊቷ ላይ አንድ ነገር መጥቶ ሄደ። ዓይን አፋርነት ነው ብዬ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ።

ሚያዝያ 26፣ እሑድ

ያረጋል ከትናንት ጀምሮ ማንኩሳ ነው፤ የመምህራን ስብሰባ። ቅዳሜና እሑድ የሚሰበሰብ መምህር ሳይ ገና ዘንድሮ ነው። እናቴ እዚያው ማንኩሳ ስለሆነች ጎራ ብሎ ይጠይቅልኛል። የላቀው ስልክ ዝግ ነው። ቡሬ ኔትወርክ ተቋርጦ ይሆናል።

ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

ጥድፊያ። ስድስት ልጆች አየሁ። ውዳሴ ወረቀቷን አመጣች። ሰባት መስመር ስጠብቅ «ይድረስ ለ» ብቻ ተጽፎበታል። ከዚያ ወዲያ እስክርቢቶው ወረቀቱን ቀዶታል። «ጥሩ ጅምር ነው፣ በርቺ» አልኳት።

ያረጋል ተመለሰ። ዓይኑ ቀልቷል። አቧራ ነው አለ። እማዬ ደህና ናት አለ። ራት አልበላም።

ሚያዝያ 29፣ ረቡዕ

ወይዘሮ ደስታነሽ ዛሬ ብቻዋን መጣች። በሩን ራሷ ዘጋችው። ከዚያ ድምፅዋ እንዳይወጣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች።

የውዳሴ አባት ሞቷል። የካቲት ላይ። ሦስት ቀን ታሞ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ሐኪም ቤት ሳይደርስ።

«ወንድሜ ነውኮ» አለችኝ፣ «የእናቴ ልጅ። ብሄድ ልጅቱ ትጠረጥራለች ብዬ ቀብሩ ላይ እንኳ አልተገኘሁም። ሲብስብኝ እህል ይዤ ወፍጮ ቤት እሄዳለሁ። ወፍጮው ይጮኻል፣ እኔም እጮኻለሁ፤ ማን ይሰማኛል?»

«ደብዳቤዎቹስ?»

«ሣጥን ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። ሦስት ናቸው። የት ልላካቸው?»

ከዚያ ጉልበቴን ያዘች። «ከፈተናው በፊት እንዳይነገራት። ሟች ለዚህች ልጅ የተመኘላት ትምህርቷን ብቻ ነው። ፈተናው እንዳለቀ ሽማግሌ ከአገር ይመጣል፣ እንደ ወጉ በማለዳ ይነግሯታል። እስከዚያ አንቺም እርጂኝ፣ በማርያም።»

የተማርኩትን አውቀዋለሁ። ሞትን ከልጅ አትደብቅ ይላል፤ የተደበቀውን ልጁ በሌላ በኩል ያወጣዋል ይላል። ወጉንም አውቀዋለሁ። ተፈታኝ፣ ሕመምተኛ፣ እርጉዝ ሴት መርዶ በድንገት አይነገራቸውም። እኛ ዘንድ ይህ ጭካኔ አይደለም፣ ፍቅር ነው። የማላውቀው ሁለቱ ፊት ለፊት ሲመጡ ምን እንደማደርግ ነበር። አሁን አወቅሁት። እሺ አልኳት።

ሳላውቅ ለሞተ ሰው ደብዳቤ ያስጻፍኩ ባለሙያ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ እያወቅሁ ነው።

ወንድም ሞቶ ዝም ለማለት ምን ዓይነት አንጀት ያስፈልጋል! እኔ ብሆን አልችልም ነበር። ለላቀው ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ዝግ ነው።

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ዋሸሁ።

የምሞላውን መጠይቅ አጥፌ ላስቀምጥ ስል ራሷ ጠየቀችኝ። «ሲስተር፣ እትዬ እርስዎን ሊያነጋግሩ መጥተው ነበር። አባቴ ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አልኳት። ዓይኔን እንኳ አልሰበርኩም። «አንቺ ፈተናሽን አስቢ።»

ብዙ አየችኝ። ከዚያ «እሺ» አለች፤ ትልቅ ሰው ለልጅ እሺ እንደሚል አድርጋ። መዝገቡ ላይ «ተረጋግታ ሄደች» ብዬ ጻፍኩ። ከሄደች በኋላ እጄን ታጠብኩ። ምንም አልነካሁም ነበር።

የመድኃኒት ቤቷ ጦይባ ከጽዳቷ ልጅ ጋር ስታወራ ደረስኩ። «ሆዷን እያየን እንዴት...» ስትል ሰማሁ፤ ሲያዩኝ ዝም አሉ። «ስለ አንዲት ታካሚ ነው፣ ሠርኬ» አለችኝ። ጦይባ እዚህ ያለችኝ አንድ ጓደኛዬ ናት። ቤተሰቦቿ ቡሬ ጨርቅ ይነግዳሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ከእናቷ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማኋት። እንግዲህ በእነሱ ሰፈር ኔትወርኩ ይሠራል፣ በላቀው ሰፈር ግን አይሠራም።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ

ያረጋል ከእማዬ ጋር አገናኘኝ። ድምፅዋ ተዘግቷል። ጉንፋን ነው አለች። «አንቺ ብቻ ራስሽን ጠብቂልኝ» አራት ጊዜ አለችኝ። ላቀው መጣ ወይ ስላት መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ደወልኩ፣ አላነሣችም።

ማንኩሳ እዚሁ ቅርብ ናት፤ ልሂድና ልያት አልኩት። ያረጋል መንገዱ ለሆድሽ አይሆንም አለኝ። ያለፈው ወር ግን ሆኖልኝ ነበር።

ግንቦት 11፣ ሰኞ

ውዳሴ ብሶባታል። አሁን እስክርቢቶ ባይኖርም እጇ እንደ ተጨበጠ ነው። ሽንኩርት መክተፍ አቁማለች፣ የጆግ እጀታ መያዝ አቅቷታል። እኔ ማከም ከጀመርኩ ወዲህ ማለት ነው። ጣቶቿን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው፤ ስለቃቸው መልሰው ተዘጉ። መዳፏ ውስጥ የጥፍሯ ምልክት አለ። አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔ ግን ግማሽ ሰዓት ሙሉ አወራሁ፤ ስለ ትንፋሽ፣ ስለ ዕረፍት፣ ስለ ጥናት ሰዓት።

ጦይባ የሕፃን ብርድ ልብስ ሰጠችኝ። ወንድሟ ማህዲ ከቡሬ የላከው ነው። ማህዲና ላቀው አይለያዩም፤ «ላቀውን አይቶት ይሆን?» አልኳት። «ማህዲ ሥራ በዝቶበታል» ብላ ወደ መደርደሪያዋ ዞረች። አንዱን ብልቃጥ ሦስት ጊዜ ወለወለችው።

ግንቦት 15፣ ዓርብ

እንቅልፍ አልመጣም፤ ልጻፍ።

ሥራዬ የሰው ፊት ማየት ነው። አንድ ልጅ በየትኛው ጥያቄ ላይ ትከሻው እንደሚነሣ አውቃለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ምኑም አይገባኝም። ያረጋል ጺሙን መላጨት ትቷል። አያምርብህም ብዬ ቀለድኩበት፤ አልሳቀም። ጎረቤቶች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «አይዞሽ» ይሉኛል። ምን ሆኜ? የስድስተኛና የሰባተኛ ወር እርጉዝ አይዞሽ ይባላል፣ ይኸው ነው። እርጉዝ ሴት ሁሉን ነገር ትጠረጥራለች ተብሎ ተጽፏል። እኔ ራሴ ለስንት እናቶች ይህንኑ ነግሬያለሁ።

የሚያስጨንቀኝ የውዳሴ ነገር ነው። የውዳሴ ነገር ብቻ ነው። በሕልሜ አባቷ አግዳሚው ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። ደብዳቤዬን ስጭኝ ይለኛል። ሰውዬውን አላውቀውም፣ ፎቶውን እንኳ አላየሁም። የለበሰው ግን የላቀውን ጃኬት ነው፤ ክርኑ ላይ እኔ የሰፋሁት አለበት። ዞረህ ልይህ ማለት ፈልጌ አልቻልኩም። ሦስት ሌሊት ሆነ።

አይሱዙ በመንገዱ ባለፈ ቁጥር እነሣለሁ። ያረጋልም ይነቃል። ሁለታችንም እንደ ተኛን ሆነን እንተኛለን።

ቆይቼ ሳስበው በሰው ልጅ ላይ እንዲህ ማድረግ ኃጢአት ነው። ስለ ወይዘሮ ደስታነሽ ነው የምለው።

ግንቦት 18፣ ሰኞ

ውዳሴ አልመጣችም። እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቅኋት።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ

ወይዘሮ ደስታነሽ ያለ ነጠላ እየሮጠች መጣች። ልጅቱ የለችም። ደብተሯ አለ፣ ጫማዋ የለም።

ሆዴን ይዤ ተከተልኳት። መናኸሪያ አገኘናት፤ ወደ አገሯ፣ ወደ ሰከላ፣ የሚሄድ መኪና በሌለበት ሰልፍ ብቻዋን ቆማለች። መንገዱ ተዘግቷል ብለው ረዳቶቹ ነግረዋታል። «ሲከፈት እሄዳለሁ» ብላ ከጠዋት ጀምራ ቆማለች። በግራ እጇ ትንሽ ፌስታል ይዛለች። ቀኝ እጇ በነጠላዋ ተጠቅልሏል።

«የት ልትሄጂ ነው?» አልኳት።

«አባቴ ደህና ከሆነ ልየው ብዬ ነው።»

የእኔን ቃል ነው የመለሰችልኝ። አስፋልቱ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ምጥ የያዘኝ መስሎት ተሰበሰበ።

ማታ ወይዘሮ ደስታነሽ ቤት ሄድኩ። ፈተናው ይቅር፣ ልጅቱ ትቅደም አልኳት። መጀመሪያ ተቆጣች። «አንቺ ምን አለብሽ! ሰው አልሞተብሽ!» አለችኝ። ወዲያው ደግሞ አፏን በመዳፏ ያዘች፤ እኔን አይታ፣ ሆዴን አይታ፣ «ይቅር በይኝ፣ ይቅር በይኝ» ማለት ጀመረች። ለምን ያን ያህል እንደ ደነገጠች አልጠየቅኋትም። እሑድ ጠዋት ይነገራት ብለን ተስማማን።

ግንቦት 24፣ እሑድ

ገና ጎህ ሲቀድ ደረስን። የወይዘሮ ደስታነሽ ንስሐ አባት፣ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች፣ እኔ። ውዳሴ ነቅታ፣ ለብሳ፣ አልጋዋን አንጥፋ ተቀምጣ ነበር። ስታየን ተነሥታ መስቀል ተሳለመች።

«ልጄ» አሉ አባ፣ «እንግዲህ የሰው ልጅ በዚህ ዓለም...»

«አባ፣ አይድከሙ» አለች። «አውቃለሁ።»

አባ መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው መለሱ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አልኳት።

«የካቲት። በሶ ሲላክልኝ። አባቴ ግራኝ ነው፤ ማዳበሪያውን ሲያስር ገመዱን ወደ ግራ ነው የሚያዞረው። የመጣው በሌላ ሰው ታስሮ ነው። ታሞ ነው አልኩ። ቀጥሎ የመጣውም እንዲሁ ነበር። ታሞ ቢሆን መልእክት ይልክልኝ ነበር።»

አክስቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ወረደች። «እያወቅሽ ደብዳቤውን ለምን ጻፍሽ፣ እናቴ?»

«እንዳልሰማ ፈልገው ነበር፣ እትዬ። የሰማሁ መሆኔን ቢያውቁ ይደነግጣሉ ብዬ ነው። ‹ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ› እያልኩ ጻፍኩ። በአራተኛው ላይ እጄ እምቢ አለኝ፤ ከዚያ በሙከራ ፈተናው ደረቀ።» ወደ እኔ ዞረች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር። «ሲስተር በየቀኑ ጻፊ ሲሉኝ ግን ጨርሶ ዘጋ።»

ወይዘሮ ደስታነሽ ጮኸች። ያለ ወፍጮ፣ ያለ ነጠላ፣ በሙሉ ድምፅዋ ወንድሟን በስሙ ጠራችው። ውዳሴ ተነሥታ አቀፈቻት፤ ከዚያ እሷም አለቀሰች። ጎረቤት ሁሉ መጣ። ሦስት ወር ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር አንዷ ለአንዷ ስትል ሳታለቅስ የኖሩ ሰዎች ናቸው።

ጥግ ላይ ቆሜ ነበር። አንዲት የማላውቃት አሮጊት ክንዴን ይዛ «አንቺ ውጪ፣ ለቅሶ አትስሚ፣ አሁን ላንቺ አይሆንም» ብላ ወደ በሩ ገፋችኝ። ሌላዋ «ታውቃለች እንዴ?» አለቻት። አሮጊቷ «ዝም በይ» አለች።

ስለ ውዳሴ ነው የሚያወሩት።

ግንቦት 27፣ ረቡዕ

መንገድ ተከፈተ። አክስትና ልጅ ለሐዘን ወደ አገር ሄዱ። ለፈተናው ትመለስ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ኃላፊዬ ከዛሬ ጀምሮ ግማሽ ቀን ብቻ ሥሪ አለኝ። አልጠየቅሁትም።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ያረጋል ዛሬም ማንኩሳ ስብሰባ። ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። አብሬህ ልሂድ አልኩት። ጫማውን ሲያስር ብዙ ቆየ፤ የአንዱን እግር ማሰሪያ ፈትቶ እንደገና አሰረው። ሄደ። ጦይባም ዛሬ ሥራ አልገባችም።

ያረጋል ማንኩሳ ከሄደበት ቅዳሜ ዋዜማ ጀምሮ ዛሬ አርባ ቀን ነው ብዬ ለምን እንደ ቆጠርኩ አላውቅም።

አውቃለሁ። አልጽፈውም።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ውዳሴ መጣች። ራሷን ተላጭታ ጥቁር ሻሽ አስራለች፤ ፊቷ ጠቁሯል፣ ግን ዓይኗ ያያል። ወረቀትና እስክርቢቶ ፊቷ አስቀመጥኩና ምንም አላዘዝኳትም። ቆይታ አነሣችው። እጇ ጻፈ። ሦስት መስመር። ለማን እንደሆነ አላየሁም፤ አጥፋ ቀሚሷ ውስጥ ከተተችው።

«ይቅር በይኝ» አልኳት። «አባትሽ ደህና ነው ያልኩሽን።»

«እትዬ ለምነውዎት ነው።»

«ቢለምኑኝም።»

ራሷን ነቀነቀች። ልትወጣ ተነሥታ በሩን ከፈተች፤ ወደ አግዳሚው፣ ወደ መድኃኒት ቤቱ መስኮት አየች። ከዚያ መልሳ ዘጋችው።

«ሲስተር፣ ሰኞ ልፈተን ነው። አንድ ነገር ይዤ መግባት አልፈልግም።»

«ምንድን ነው?»

«እዚህ አግዳሚው ላይ ተራዬን ስጠብቅ ሰው ያወራል። ልጅ ናት ብለው አይጠነቀቁም። በሚያዝያ ማለቂያ የሰማሁት አለ። የእርስዎን ቤት ነገር ነው።» ቀኝ እጇ መዘጋት ጀመረ። ራሷ አየችው፤ በግራዋ ከፈተችው። «ብዙ ጊዜ ልነግርዎ ብዬ ፈራሁ። ሆድዎን እያየሁ። እርስዎም እኔን እንዲህ እያዩ ኖሯል ማለት ነው።»

ምን ማለትሽ ነው ማለት ነበረብኝ። የማያውቅ ሰው እንደዚያ ይላል።

«አትጨርሺው» አልኳት። «አንቺ አትሸከሚው። ከእናቴ አፍ ልስማው።»

«ይሄዳሉ?»

«እሄዳለሁ።»

«ነገ?»

«ነገ።»

ጋዋኔን አውልቄ ስወጣ ጦይባ በመስኮቱ አየችኝ። ምን እንዳየች አላውቅም፤ ሥራዋን ትታ ወጥታ አቀፈችኝ።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ፣ ማንኩሳ

ያረጋልን አላስፈቀድኩትም፤ ነገርኩት። «ማንኩሳ ልሄድ ነው» አልኩት። ጃኬቱን ለበሰና ተከተለኝ። ባጃጁ ውስጥ እጄን ይዞ መንገዱን ሙሉ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ሄደ። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ሾፌሩን «ቀስ በል» ይለው ነበር።

እማዬ ጎመን እየኮተኮተች ነበር። ሻሿ ወርዷል፤ ራሷ ተላጭቶ ነጭ ጠጉር ጥቂት በቅሎበታል። ዐርባ ስምንት ቀን ያደገ ጠጉር ነው። ስታየኝ መኮትኮቻውን ጣለች። መጀመሪያ ሆዴን አየች፣ ቀጥሎ ያረጋልን፣ በመጨረሻ እኔን።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም።»

ላቀው እንዴት እንደሞተ አልጠየቅኋትም፤ መንገድ ላይ መሆኑን ከሚያዝያ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እማዬ በአፈር እጇ ፊቴን ያዘችው። ጉንፋኗ አልለቀቃትም፤ ድምፅዋ ከጉሮሮዋ እየተፋቀ ነው የሚወጣው።

«ሰፈሩ ሁሉ አብሮኝ አለቀሰ፣ ልጄ። ግን ላቀውን አብሮኝ ያሳደገ ከነሱ ውስጥ ማን አለ? ለቅሶው ብቻዬን አልወጣልሽ አለኝ።» ከዚያ ክንዴን ደግፋ ወደ መደቡ ወሰደችኝ፣ ጀርባዬ ላይ ጨርቅ አጣጥፋ አስገባችልኝ።

«ቀስ ብለሽ ተቀመጪ» አለችኝ። «መጀመሪያ ደህና አድርገሽ ተቀመጪ። ከዚያ እናለቅሳለን።»